ጉልበቴን ያዳነው ዘይቱ አይደለም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለበዛብህ ባስልዮስ። ኦቦክ፣ ጅቡቲ፣ ከባሕሩ ዳር።

እንደምን ሰንብተሃል ወንድም ዓለም? ጤናህ እንዴት ነው? ያ መረብ ስትስብ የሚወጋህ ትከሻህ ተሻለው ወይስ አሁንም ያስቃስትሃል? ባለቤትህ ሐዋስ እንዴት ናት? እጇን የሚያደነዝዛት ነገር ለቀቃት? ኑሰይባስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ንፋሱስ፣ ሙቀቱስ፣ የውኃው ነገርስ? ጀልባዋስ ውኃ ማስገባቷን ተወች? እኛ ሦስታችንም፣ እኔም ባለቤቴ መስፍንም ልጃችን ሔቨንም፣ አምላክ ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ግን አልልህም። ይህን ደብዳቤ አንብበህ እስክትጨርስ ድረስ «ደህና» የምትለዋን ቃል ከእኔ አትጠብቅ።

ለምን አልደወለችልኝም ትል ይሆናል። በስልክ የምዋሽ ሰው ስለሆንኩ ነው። አንተ ከዚያ «እትዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው?» ስትለኝ አፌ ከእኔ ይቀድምና «ድኛለሁ፣ እጅህ ይባረክ» ይላል። ወረቀት ግን ዝም ብሎ ይጠብቀኛል፤ የጻፍኩትንም መልሶ ያሳየኛል። ሦስት ቀን ሙሉ ስጽፍና ስቀድ ሰንብቻለሁ። ይህኛውን ግን አልቀድም ብዬ ምያለሁ።

እትዬ ስንዱ ጅቡቲ ያለች ልጃቸውን ጠይቀው በተመለሱ ማግስት ስድስቱን የዘይት ጠርሙስና ደብዳቤህን ይዘውልኝ መጡ። እንደ ልማዳችን ምንነቱን ሳይጠይቁ፣ ጥቅሉን ሳይፈቱ፣ ከልብሳቸው መሀል ጠቅልለው ነው ያመጡት። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ቆሜ፣ ቀጥሎ ተቀምጬ። ስለ ሙኒብ የጻፍከውን ነው የምልህ። እዚያ ባሕሩ ዳር የኤሊዎቹን ጉድጓድ በእንጨት እያመለከተ የሚጠብቀው ሰው፣ ኤሊዋ እንቁላሏን ጥላ እስክትመለስ ድረስ እንድትታገሥ ለምኖህ መሀል ቆመ። አንተ በጀልባው መቅዘፊያ ክንዱን ሰበርከው። ሲወድቅ አልተውከውም፤ አፉን ደገምከው፤ ሁለት ጥርሱ አሸዋው ላይ ወደቀ። ከዚያ እሱ መሬት ላይ ተጋድሞ እያየህ ኤሊዋን ገልብጠህ ቢላህን ሰደድክባት። አሸዋው ላይ ያለው ደም የእሱ ይሁን የእሷ አለየኝም ብለሃል። ከሥሩ ደግሞ ብዕርህን ጫን አድርገህ «ለአንቺ ጉልበት ስል ሰውም ቢሆን እገድላለሁ» ብለህ ጻፍክ።

ጉልበቴ ይቆረጥ፣ በዛብህ። ሔቨን እንደምታውቃት አማርኛ መስማት እንጂ ማንበብ አይሆንላትም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። እዚያች ቦታ ስደርስ ዐይኗን አፍጥጣ «ማሚ፣ አንክል አያውቅም እንዴ? ሰርጀሪ እንዳደረግሽ?» አለችኝ። አያውቅም አልኳት።

እንግዲህ ስማኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎ ያለቀስኩልህ ጊዜ፣ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ላክህልኝ። ለእኔ ብለህ እንደገደልካት አውቃለሁ፤ ፍቅር ነው፤ አልካድኩም። ሁለት ቀን ተቀባሁት። ሽታው ምንጣፉ ውስጥ ገብቶ ጎረቤት የሞተ ነገር አለ ብሎ ለሕንፃው ጠባቂ ከሰሰን፤ መስፍን በጥር ብርድ መስኮት ከፍቶ ካፖርቱን ለብሶ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ጠርሙሱን ከሕንፃው ጀርባ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። አንተ ስትደውል ግን «አንድ ሰሞን ተቀብቼ ቀለለኝ» አልኩህ። ሰው ከዚያ ሁሉ አገር መድኃኒት ልኮ አልሠራም ይባላል? አይባልም። እንደዚህ ነው ያደግነው።

በዓመቱ ሐኪሞቹ ጉልበቴን ከፈቱት። ያለቀውን አጥንት ቆርጠው ብረትና ፕላስቲክ አስገቡልኝ። ስድስት ሳምንት በምርኩዝ ሄድኩ። ይህን አንተም አታውቅ፣ ማኅበርተኞቼም አያውቁ፣ ንስሐ አባቴም አያውቁ። ለሰው ሁሉ ሊትልተን ከተማ ያሉትን የመስፍንን አክስት እያስታመምኩ ነው ብዬ ቤቴን ዘግቼ ተኛሁ። በሽታን የሚያወራ ሰው ዐይን ይበላዋል እያለች እናታችን ያሳደገችን እኔና አንተ፣ ሌላ ምን እናደርጋለን? መስፍንንና ሔቨንን አስምያቸው ነበር።

ከዚያ አንድ እሑድ ያለ በትር፣ ያለ ወንበር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሜ አስቀደስኩ። ሴቶቹ ከበቡኝ። ምን አግኝተሽ ነው አሉኝ። ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ ወንድሜ ከቀይ ባሕር የላከልኝ የኤሊ ዘይት ነው አልኳቸው። አለቀ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት ቤታችሁ ድረስ ሄዳ ቢላ ያስያዘችህ። አንዷ ለወገቧ፣ አንዷ ለትከሻዋ፣ ሌላዋ ሌክውድ ላለች እህቷ፣ ጠርሙስ ጠርሙስ አሉ። እኔም ለአንተ አስተላለፍኩ። ስንት ኤሊ እንደሚታረድበት አልጠየቅኩህም። በዓመት አንድ ትገድል የነበርክ ሰው ባለፈው ዓመት ከሁለት ጓደኞችህ ጋር ሆነህ በአንድ ወር አሥራ አንድ እንደጣላችሁ በደብዳቤህ ሳነብ ነው የገባኝ።

የሥራ ቦታዬን ጉድ ደግሞ ነግሬህ አላውቅም። ጽዳት ነው ብዬህ አልፌዋለሁ። የማጸዳው ግን ከዴንቨር ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ያለ ትልቅ መጋዘን ነው። መንግሥት በየአየር ማረፊያውና በየወደቡ የሚይዘው የአራዊት ገላ የሚከማችበት ቦታ ነው። ጥርሱን እንዳፋጨ የደረቀ የነብር ራስ፣ ወንበር የሆነ የዝሆን እግር፣ ጫማ የሆነ ዘንዶ አለ። አምስተኛው መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች የባሕር ኤሊ ነው። ቅርፊቱ በቁጥር ተደርድሯል፤ ትንንሾቹ ደግሞ ገላቸው ተሞልቶ የመስታወት ዐይን ተገጥሞላቸዋል። ከአንዳንዱ ቅርፊት ላይ የመጥረቢያው ምት አሁንም ይታያል። ሰባት ዓመት ሙሉ አቧራቸውን ስጠርግ ኖሬያለሁ።

ማክሰኞ ማክሰኞ የትምህርት ቤት ልጆች ይመጣሉ። ሊንዳ የምትባል ኃላፊያችን እየዞረች ታስረዳቸዋለች፤ እኔም ወለሉን እየወለወልኩ ከኋላ እሰማለሁ። አሁን በቃሌ ልወጣልህ እችላለሁ። ሴቷ ኤሊ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ባሕር ለባሕር ዞራ ነው እናት የምትሆነው፤ ያን ጊዜ እሷ ራሷ ወደተፈለፈለችበት ዳርቻ ትመለሳለች። በኋላ እግሮቿ እየተፈራረቀች ቆፍራ ከመቶ በላይ ትጥላለች፤ አልብሳ ትሄዳለች። ጫጩቶቹን ወንድ ወይም ሴት የሚያደርጋቸው የአሸዋው ሙቀት ነው፤ በጣም ሲሞቅ ሁሉም ሴት ይሆናሉ፤ ከዚያ ካለፈ እዚያው ይቀቀላሉ። ከሁለት ወር በኋላ ሲወጡ ሸርጣንና ወፍ፣ ውሻ፣ አሸዋ የሚጭን መኪና፣ የሰው ፌስታል ይጠብቃቸዋል። ከሺህ አንዷ እናት ከሆነች ብዙ ነው ትላለች ሊንዳ። እኔ በልቤ፣ ይህን ለእኔ ነው የምትነግሪው፣ እኔ አሰብ ያደግኩት፣ እያልኩ እስቅ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ የአንተን ጠርሙሶች ለሴቶቹ አከፋፍላለሁ። ሁለቱን ነገር በአንድ ላይ አስቤው አላውቅም። በእውነት ነው የምልህ፣ አንድ ቀን እንኳ።

አሁን ወደ ደሙ ልምጣ። አቶ ወልደገብርኤልን በስልክ አነጋግረሃቸዋል፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ወገባቸውን የሚያማቸው፣ «ያንን የባሕር ልጅ ሳሚልኝ አሉኝ» ያልኩህ ሽማግሌ ናቸው። ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላም እውነቱን መናገር ፈርቼ፣ እትዬ ስንዱ ካመጧቸው ስድስት ጠርሙሶች አንዱን ለእሳቸው ሰጠሁ። አንድ ሰው፣ ከመቀባት መጠጣት ይሻላል፣ ከውስጥ ይገባል ብሏቸው ኖሮ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ ከማር ጋር ይወስዱ ጀመር። በአራተኛው ቀን አፋቸው ውስጡ ተላጠ። ምላሳቸው አብጦ ነጭ ሆነ፤ ጉሮሯቸው ውኃ አላሳልፍ አለ። ልጃቸው አዶኒያስ ታክሲውን አቁሞ ቤት ሲገባ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ደም የቀላቀለ ትውከት ውስጥ ወድቀው አገኛቸው። ሐኪሞቹ ምን በሉ ቢሉ የሚያውቅ ጠፋ። በኋላ ጠርሙሱ ሲገኝ፣ የባሕር ኤሊ የምትበላው ነገር አንዳንዴ ሥጋዋንና ስቧን መርዝ እንደሚያደርገው፣ ቢያፈሉትም እንደማይጠፋ ነገሩት። እኚያ ሰው ዛሬም በቱቦ ነው የሚመገቡት።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፒዮሪያ ስትሪት ካለው የበርበሬ መሸጫ ፊት ለፊት መስፍን መኪናውን አቆመ። እኔ ገና ቀበቶዬን ስፈታ አዶኒያስ በታክሲው ከኋላችን መጥቶ መውጫችንን ዘጋው። መስፍን ሰላም ሊለው እጁን ዘርግቶ ወረደ። የተዘረጋ እጁ ሳይጨበጥ ጠርሙሱ ግንባሩ ላይ ተሰበረ። ዘይቱና ደሙ አብሮ ፊቱ ላይ ወረደ። በረዶው ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ፤ አዶኒያስ ጎኑን ሁለቴ፣ ሦስቴ ረገጠው። ባሌን ታውቀዋለህ፣ ዝንብ ሲያባርር እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። ዐይኑ ዘይት ሞልቶት በዳበሳ የሱቁን የበረዶ አካፋ አገኘና ዝም ብሎ ወረወረው፤ የአዶኒያስን ቅልጥም አገኘው፤ ሲሰበር ይሁን ሲሰነጠቅ እንጃ፣ ድምፁን ከመኪናው ውስጥ ሰማሁት። ሁለቱ ጭቃና ዘይት ውስጥ ተያይዘው ይንከባለሉ ጀመር።

ወረድኩ። አዶኒያስን በቦርሳዬ መታሁት፤ አልሰማኝም። የመስፍንን ጉሮሮ ይዞ ስለነበር እጁን ነከስኩት። አዎ፣ እህትህ፣ የሃምሳ ዓመት ሴት፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ የሰው እጅ ነከስኩ፤ ደሙ አፌ ውስጥ እስኪገባ አልለቀቅኩም። እየጮኸ ገፈተረኝና አየኝ። እንባው ይወርድ ነበር። «ማንን ነው የምትነክሺው? አባቴ ዳይ ሊያደርግ ነው፣ ሊሞት ነው። አንቺ ነሽ ዳንኩበት ያልሽው» አለኝ። ማኅበርተኞቼ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ከሱቁ በር እስከ መንገዱ ቆመዋል። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያደርጋል። እነዚያ ጠርሙስ የወሰዱት ሴቶችም አሉ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ቀሚሴን እስከ ጭኔ ገለብኩት። ነጭ የሐበሻ ቀሚሴን፣ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ከጉልበቴ በላይ ጀምሮ እስከ ቅልጥሜ የሚወርደውን ጠባሳ አሳየኋቸው።

«ዘይት አይደለም ያዳነኝ። ብረት ነው። ተቆርጬ ነው። ዋሽቻችኋለሁ።»

መስፍን ብቻ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ በጉልበቱ ተነሥቶ መጥቶ ቀሚሴን ወደ ታች ሳበልኝና፣ በቃ ተሸፈኚ፣ ይበርድሻል አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ማልቀስ የቻልኩት። ፖሊስ መጣ፣ አምቡላንስ መጣ። መስፍን ግንባሩ ላይ ዘጠኝ ጊዜ ተሰፋ፤ ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰንጥቋል፤ ሲስቅ ያመዋል፣ ስለዚህ ቤታችን አይሳቅም። አዶኒያስን ግን አልከሰሰውም። የእሱም እግር በጀሶ ነው፤ መንዳት አይችልም።

ያን ዕለት አፌን ስጉመጠመጥ የደሙ ጣዕም አልለቅ አለኝ፤ አንተም ትዝ አልከኝ። ትንሽ ነበርክና ታስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ አንተ ወደ ስድስት። አባባ ከነዳጅ ማጣሪያው ፋብሪካ የሌሊት ሥራ ወጥቶ ጎህ ሲቀድ ከአሰብ በስተሰሜን ወዳለው አሸዋ ይዞን ሄደ፤ ወዳጁ ጀልበኛው ቀድሞ ደርሷል። ኤሊዋ ዘግይታ ኖሮ ገና እየጣለች ነው። አልጠበቋትም። ከጉድጓዷ አፍ ላይ ጎትተው በጀርባዋ ገለበጧት፤ እንቁላሉ እየወረደ ነበር። ጀልበኛው ከነሕይወቷ የደረቷን ቅርፊት ዙሪያውን በቢላ ሲሄድበት እግሮቿ አየር ይቀዝፉ ነበር፤ አንዱን እኔ ነኝ ይዤ የቆምኩት፤ ያዢ ተባልኩ፣ ያዝኩ። ክዳን እንደሚነሣ አነሡት። ከዐይኗ ውኃ ይወርዳል። ሊንዳ፣ ያ ጨው ነው፣ የጠጡትን ባሕር በዐይናቸው ነው የሚያስወጡት ትላለች። ይሁን። ጀልበኛው ልቧን አውጥቶ ሳንቃ ላይ አኖረው፤ እኛ ምሳችንን በልተን ስንመለስ አሁንም ይመታ ነበር።

አንተ ያን ጊዜ ምን እንዳደረግክ ልንገርህ። ሮጠህ ሄደህ የጀልበኛውን አውራ ጣት ነከስክ። አጥንቱ ድረስ ነው የነከስከው። በጥፊ ሲልህ አልለቀቅክም፤ አንሥቶ ከጀልባው ጎን ጋር ሲያጋጭህ ነው አፍህ የተከፈተው። የፊት ጥርስህ ያን ቀን ወለቀ። አባባ አንድ ቃል አልተናገረም። ዘይቱን ፈልጎት ነበራ፣ ለወገቡ። ተቀባውና ዳንኩ አለ፤ ለጀልበኛውም፣ ለጎረቤቱም ዳንኩ አለ። ግን እስኪሞት ድረስ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር አልቻለም። አንድ እግሩን እኔ፣ አንዱን አንተ አልነበርንም የምናስርለት?

እንግዲህ ሙኒብን ስትመታው ማንን እንደመታህ እወቀው። ያን ቀን ጉድጓዷ አፍ ላይ ቆሞ የነበረው ጠባቂ አንተ ነበርክ። ጥርሱ አሸዋ ላይ የወደቀውም አንተ ነበርክ።

የቀሩትን ጠርሙሶች ከየሴቶቹ ቤት ለቅሜ ሰኞ ጠዋት ሊንዳ ጠረጴዛ ላይ አኖርኳቸው። የእኔ ናቸው አልኳት። ጓንት አጥልቃ በየጠርሙሱ ቁጥር ለጠፈችበት። አሁን አምስተኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው። የጽዳት ድርጅቱ እስክንጠራሽ ቤትሽ ቆዪ ብሎኛል፤ የሚጠራኝ አይመስለኝም። መርማሪዎችም መጥተው ነበር። ማን ላከልሽ ሲሉኝ ወንድሜ አልኩ። ስሙን ሲሉኝ ግን፣ መጀመሪያ ለእሱ ልጻፍለት፣ ራሱ የሚያደርገውን ያድርግ አልኳቸው። ቀጠሮዬ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ በአንተ ላይ አልዋሽም በዛብህ፣ ለአንተም አልዋሽልህም። በዚህ አገር ከእንግዲህ ዘይት የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ጠባሳዬን አይቶታል። ለጓደኞችህም ይህንኑ ንገራቸው።

የምለምንህ ሁለት ነገር ነው። ሽማግሌ ይዘህ ሙኒብ ቤት ሂድ፤ ደጁ ላይ ተቀመጥ፤ ቢሰድብህ ስማው፤ ቢመታህም እጅህን አታንሣ። ሁለተኛው ነገር ቢላው ነው። የኤሊዎቹ ወቅት ገብቷል፤ በዚህ ሰሞን ይወጣሉ። አትንካቸው።

አንድ ነገር ልጨምርልህና ላብቃ። ያቺ ኤሊ ከታረደች በኋላ ትልልቆቹ ዘይቱን ሲቀቅሉ፣ ጉድጓዷ ውስጥ የቀረውን እንቁላል እኔና አንተ በእጃችን አሸዋ አለበስነው። ለማንም አልተናገርንም። ወደ ሁለት ወር ገደማ በየቀኑ ሄደህ ታየው ነበር። አንድ ቀን ጀንበር ስትገባ አሸዋው ፈላ፤ ወጡ። ባሕሩ ከፊታቸው ነው፤ ከኋላቸው ግን የማጣሪያው እሳት ሰማዩን አብርቶታል፤ ትንንሾቹ ዞረው ወደ እሳቱ ሄዱ። አስፋልቱ ላይ ወጡ። የአዲስ አበባ ከባድ መኪናዎች ተከታትለው ሲያልፉባቸው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሹ ነበር፤ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንተ ሸሚዝህን አውልቀህ ጎማው መሀል ገባህ። በፀጉርህ ጎትቼ ሳወጣህ ሸሚዝህን ደረትህ ላይ ጨብጠህ ነበር። ወደ ባሕሩ ሮጠን አንድ በአንድ እየቆጠርክ ለቀቅካቸው። እስከ አሥር መቁጠር የተማርክበት ሰሞን ነበርና፣ ዘጠኝ ላይ ሲያልቁ አንዱ ጠፋ ብለህ እስኪመሽ አለቀስክ። ይህ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው። እነሱ ደግሞ በዚህ ዕድሜያቸው ለእንቁላል ይመለሳሉ፤ ከአሰብ አሸዋ እስከ አንተ አሸዋ ያለው መንገድ ለኤሊ የጎረቤት ያህል ነው። ባለፈው ዓመት ከጣላችኋቸው አሥራ አንዱ መሀል ስንቱ ከእነዚያ እንደነበረ አላውቅም። አንተም አታውቅም። ሌሊት ስነቃ የማስበው ይህንን ነው።

ለሐዋ ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ እጇን በሞቀ ውኃ ትንከረው እንጂ በምንም ዘይት እንዳትቀባው። ኑሰይባን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አክስትሽ ቀሚሷን ገልባ አደባባይ ቆመች ብለህ ንገራት፣ ትሳቅ። መስፍን፣ ቂም የለኝም፣ አማቼን ሰላም በዪው ብሎሃል። ሔቨንም ሰላም ብላሃለች፤ ሌላም በእንግሊዝኛ ያለችው ነገር አለ፤ እሱን አልጽፈውም። ለሙኒብ፣ ስሜን ባያውቀውም፣ ጥፋቱ ከእኔ አፍ እንደጀመረ ንገርልኝ፤ ክንዱን እግዚአብሔር ይጠግንለት።

በዚህ ወር ከባሕር ለምትወጣውም ሰላምታዬን አድርስልኝ። መብራትህን አጥፋና ራቅ ብለህ ቁጭ በል። ጨርሳ ስትመለስም ቁጠራት፤ አንድ በል።

እህትህ ፈትለወርቅ ባስልዮስ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ
የካቲት 19 ቀን 2008 ዓ.ም.